ኮረሪማ የሚሸተው መሪ

ሁለቱ ጾሞች ዘንድሮም ገጠሙ። የእኛን ረመዳንና የክርስቲያኖቹን ሁዳዴ ማለቴ ነው። ረመዳን በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ቀን እየቀደመ በጋውንም ክረምቱንም ያዳርሳል፤ ሁዳዴ ላይ ሲደርስ ጥቂት ዓመታት ጎን ለጎን ይከርሙና ደግሞ ይለያያሉ። ይህ በሰው ዕድሜ ሁለቴ፣ ቢበዛ ሦስቴ የሚሆን ነገር ነው። እኔ ሁለተኛዬን እያየሁ ነው፤ ለሦስተኛው ጉልበቱም ጥርሱም የሚተርፈኝ አይመስለኝም። ባለፈው ሐሙስ ታዲያ የታመመች ወዳጄን ልጠይቅ ከሳጃና ወደ ቡሪ በባለሦስት እግሯ ራክሻ ተሳፈርኩ። ከተማችን ካርቱም ከዚያ ሁሉ ተኩስ በኋላ ገና አቧራዋን እያራገፈች ነው፤ ግማሹ ቤት ጣሪያ የለው፣ ግማሹ ሱቅ በር የለው። ራክሻዋ ወደ ግራ ትጎትታለች፤ ነጂው መሪውን ወደ ቀኝ አጣሞ ይዞ ነው ቀጥ የሚለው። ትንሽ ታገስኩና፣ "ዲሪክሶንህ ልል ሆኗል፤ ሳይገለብጥህ አሠራው" አልኩት። ሱዳኖች መሪውን ዲሪክሶን ነው የሚሉት። ዞሮ አየኝና ሳቀ። "ያ ሐቡባ፣ አንቺ ስለ ዲሪክሶን ምን ታውቂያለሽ?" አያቴ ሆይ ማለቱ ነው። ጾም ይዤ ክርክር አልወድምና ሂሳቡን ሰጥቼው ወረድኩ። ቤቴ ስገባም ጥያቄው አልለቀቀኝም። ስለ መሪ የማውቀውን ከየት እንዳገኘሁት ለመናገር ሁለቱ ጾሞች መጀመሪያ ከገጠሙበት ዘመን መነሳት ሊኖርብኝ ነው።

ያኔ የምኖረው ቡሪ፣ ሐጅ በሽር ቤት ነበር። የቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ከወሎ፣ ከሐይቅ ወዲህ ካለች ቀበሌ ተነስቼ፣ በመተማ በገዳሪፍ አድርጌ ካርቱም ስገባ ገና ጸጉሬን በቅጡ መሸፈን የማላውቅ ልጃገረድ ነበርኩ፤ ሐጅ ቤት ስደርስ ግን ትንሽ ተገርቻለሁ። ዳቦ በግርሽ የሚሸጥበት ዘመን ነው። ከቡሪ እስከ መሃል ከተማው ገበያ፣ እስከ ሱቅ ዐረቢ በቦክሲ ጀርባ ተንጠልጥሎ መሄድ ከአንድ ብርጭቆ ሻይ አይበልጥም ነበር። ቦክሲ የምላችሁ ኋላዋ ላይ ሁለት አግዳሚ የተገጠመላትን ጭነት መኪና ነው፤ ወንዶቹ ጀላቢያቸውን ሰብስበው በአንድ እግራቸው ይንጠለጠሉባታል፣ ሴቶቹ ቶብ የሚሉትን ረዥም መጎናጸፊያቸውን በጥርሳቸው ነክሰው ይቀመጡባታል። የሀብታሞቹ ቶብ ከስዊዘርላንድ የመጣ ስስ ቮይል ጨርቅ ነበር፤ ነፋስ ሲገባበት እንደ ጀልባ ሸራ ይነፋል። እኔም አንድ ብርቱካንማ ነበረችኝ፤ ከሐጅ ሟች ሚስት ሣጥን ለኢድ የተሰጠችኝ። መንገዱ ጥግ ላይ ካሴት ሻጭ ነበር፣ ቀኑን ሙሉ የሱዳኑን ሲያስጮህ ይውልና አመሻሹ ላይ አንድ የእኛን አገር ጣል ያደርጋል። ሱዳኖቹ ቃሉን ሳያውቁት አብረው ይዘፍናሉ። እኔ ደግሞ ቃሉን እያወቅሁት ዜማው ይጠፋኛል። ወላሂ ዛሬም ያ ጥግ ባይኖርም፣ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር እግሬ ቀስ ይላል።

ሐጅ በሽር የዓባይ መርከቦች መሐንዲስ የነበሩ ጡረተኛ ናቸው። ረዥም፣ ቀጭን፣ ጀላቢያቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ንግግራቸው አጭር። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከሰው ጋር ከሚነጋገሩት ይልቅ ከመኪናቸው ጋር የሚነጋገሩት ይበልጥ ነበር። መኪናዋ እንግሊዝ ሠራሽ፣ ጣሪያ አልባ፣ ባለሁለት ወንበር፣ አረንጓዴ ነበረች፤ በጎልማሳነታቸው አገሩ ሊገባ ከሚሰናዳ አንድ እንግሊዛዊ ላይ የገዟት። መሪዋ በቀኝ በኩል ነው፤ አገሩ ሁሉ መንገዱን ወደ ቀኝ ሲያዞር እሷ በድሮ ሃይማኖቷ ጸንታ ቀረች። ሐጅ በየዓርቡ ከሰላት በኋላ ነጭ ጥምጥማቸውን ጠበቅ አድርገው ይነሱና፣ በዓባይ ዳር ጎዳና እስከ ሙግረን፣ ሁለቱ ዓባዮች እስከሚገናኙበት ድረስ ነድተው ይመለሳሉ። ሲመለሱ ሌላ ሰው ናቸው። ይቀልዳሉ፣ ምሳ ይጨምራሉ፣ ዐንገረብ የሚሉትን የገመድ አልጋቸውን ወደ ኒሙ ዛፍ ጥላ አስጠግቼ ሳነጥፍላቸው "ያ ቢቲ፣ ዛሬ ወንዙ እኮ ወፍሯል" ብለው ያወሩኛል። ቢቲ ልጄ ማለት ነው። ከዚያ በፊት የሠራሁበት ቤት ማዕድ ቤት ወለል ላይ ነበር የምተኛው፣ ሲወጡም በሩን ከውጭ ቆልፈውብኝ ነበር የሚሄዱት። በሐጅ ቤት የራሴ ክፍል፣ የራሴ ቁልፍ፣ የራሴ ዓርብ ነበረኝ። ይህን የምለው ልጄ የሚለው ቃል ለእኔ ምን ያህል እንደነበር እንድታውቁልኝ ነው።

በዚያ ዓመት መኪናዋ መባዘን ጀመረች። ቀጥ ብላ መሄድ እምቢ አለች። አንድ ዓርብ የውሃ ሻጭ አህያ ጋሪ ጫረች፤ ሌላ ጊዜ የጎረቤት ግንብ። ሴት ልጃቸው ሱሃይር ካፉሪ የምትኖር አስተማሪ ናት፣ ወሬው ወንዙን ተሻግሮ ደረሳት። ሱሃይር ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ፈሪ ነበረች እንጂ። እናቷን ቀብራ አባቷን ደግሞ ከብረት ውስጥ ጎትታ ማውጣት ነበር የፈራችው። የመኪናዋ ፈቃድ የሚያልቀው ኢድ አካባቢ ነበርና በረመዳን መግቢያ መጥታ ቁርጡን ተናገረች። መኪናዋ የትራፊኩን ምርመራ ካለፈች ሁለተኛ አፏን ላትከፍት፤ ካላለፈች ግን መኪናዋ ልትሸጥ፣ ቤቱ ሊከራይ፣ አባቷም ከኢድ በኋላ ካፉሪ እሷ ዘንድ ሊገቡ። ሐጅ "ኢንሻአላህ" አሉ። እኔም ከማዕድ ቤት ሆኜ ሰማሁ። ሱሃይር የራሷ ቤት ሠራተኛ አላት፤ የኔ የመኖሪያ ወረቀት ደግሞ በሐጅ ስም ነው። የሐጅ ቤት ከተዘጋ እኔም ወደዚያ ማዕድ ቤት ወለል ልመለስ ነው። ለሳቸው ማዘኔ ውሸት አልነበረም፣ ለራሴም ማዘኔ ውሸት አልነበረም።

በማግስቱ ዓርብ ሳጃና ሄድኩና ታደለን አገኘሁት። ታደለ ጎንደሬ ነው፣ አንገቱ ላይ ማተብ፣ ኪሱ ውስጥ ካቻቢቴ የማይለየው መካኒክ። ሐበሾች የሚሰበሰቡበት ሻይ ቤት ጥግ ተቀምጦ፣ ሁለቱም ጾም ስለሆነ ሻይ ሳይፈላ የተደረደሩትን ባዶ ብርጭቆዎች ያያል። ነገሩን ነገርኩት። ቀጣሪው ጋራዥ በረመዳን በጊዜ ስለሚዘጋ ከሰዓት ከሰዓት መጥቶ እንደሚያያት ቃል ገባ። የአሠራሩን ነገር ልንገራችሁ፤ ሁሉ ነገር የመጣው ከዚያ ነውና። ታደለ ሰሌን ያነጥፍና በጀርባው መኪናዋ ሥር ይገባል። አንድ ሰው ላይ ተቀምጦ መሪውን ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ግራ ያወዛውዛል። እሱ ሥር ሆኖ ከመሪው እስከ ጎማው ያለውን ዘንግና መገጣጠሚያ አንድ በአንድ በመዳፉ ይጨብጣል፤ መሪው ሲዞር ዘንጉ ሳይታዘዝ የሚዘገይበት ቦታ ካለ የተበላው እዚያ ነው። በዓይን አይታይም፤ በእጅ ነው የሚሰማው። የማወዛወዙ ሥራ ለእኔ ደረሰኝ። አባቴም አያቴም መኪና ኖሯቸው አያውቅ፣ እኔ ግን በእንግሊዝ ወንበር ላይ ተደላድዬ፣ ከሥሬ "ቀኝ፣ በቀስታ... ግራ... ያዢው" እያለ የሚለምነኝ ወንድ ነበረኝ። ቀኑ ሲደጋገም እጄ መሪውን ለመደው፤ የቱ ጋ እንደሚላላ፣ የቱ ጋ እንደሚይዝ ከሱ እኩል ይሰማኝ ጀመር።

የዘንጎቹን ጫፎች ከአንድ የወደቀ መኪና ላይ ፈትቶ አምጥቶ፣ ብረት በሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት አስተካክሎ ገጠማቸው። የቀረው አንድ ቦኮላ ነበር። ቦኮላ ማለት የመሪው ክንድ በሚዞርበት ምሰሶ ላይ እንደ ቀለበት የሚገባ የነሐስ እጅጌ ነው፤ እሱ ሲበላ ምሰሶው ይጨፍራል። የዚችኛዋ ከመበላቱም በላይ እንደ እንቁላል ሞልሟላ ሆኖ ነበር የወጣው። ነሐስ ተገኘ፤ መብራት ጠፋ። ቶርኖ ያለ መብራት ብረት ነው። ታደለ በየቀኑ ቶርኖ ቤት ደርሶ ባዶ እጁን ይመለሳል፣ ምርመራው ይቀርባል። በመጨረሻ አንድ ቀን ግቢው ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲያስብ ዓይኑ ዘነዘናዬ ላይ አረፈ። የወይራ ዘነዘና ናት፤ ከሐይቅ እዚህ ድረስ ተሸክሜያት የመጣሁት፣ በየሰው ቤት ስዞር ከእጄ ያልተለየች። ታደለ ጎንደር ያለ የእህል ወፍጮ ሲበላ፣ አሳዳጊ ጌታው ወይራ ቀርጾ በሞራ ቀቅሎ የወፍጮውን ምሰሶ ሲያስገባበት አይቷል። ወይራ ስብ ከጠጣ ነሐስ እስኪመጣ ይችላል አለ። እኔም በርበሬዬን በምን ልወቅጥ ነው፣ በመሪ? አልኩት። ከመኪና ይልቅ የኔ ወጥ ይቅደም ብዬ ዘነዘናዬን አልጋዬ ሥር ደበቅኋት። ሞኝ እንዳልባል ብቻ ነበር የምፈራው፤ ዘነዘና ለመኪና የሰጠች ሴት ተብዬ ሳጃና ላይ መሳቂያ እንዳልሆን።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ ሰምሳሩ ነው። ሰምሳር ቤት አሻሻጭ፣ አከራይ ደላላ ማለት ነው። ሱሃይር ከወዲሁ ልካው ኖሮ አንድ ከሰዓት መጥቶ ክፍሎቹን በእርምጃው ይለካ ጀመር። የሟች ሚስታቸውን ክፍል በር ከፈተ። የኔን ክፍል በር ከፈተና "ይህቺ ለዕቃ ማስቀመጫ ትሆናለች" አለ። ሐጅ ኒሙ ሥር ዐንገረባቸው ላይ ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዙረው ተቀምጠዋል። እንግዳ ሲመጣ ተነስተው የማይቀበሉ ሰው አልነበሩም፤ ያን ቀን አልተነሱም። እኔ ጀርባቸውን አየሁና ወደ ክፍሌ ገባሁ። ሰምሳሩ ሳይወጣ ዘነዘናዬን ከአልጋዬ ሥር አውጥቼ፣ ታደለ ሲመጣ "እንካ፣ ቁረጣት" ብዬ ሰጠሁት። በመጋዝ ቆረጣት፣ በእጅ መሰርሰሪያ በሳት፣ በሞረድ አለዘባት፤ መብራት ቢኖርም ባይኖርም ግድ የማይሰጠው ሥራ ነበር። ከዚያ እኔን ሞራ አቅልጠሽ አጥሪና ቀኑን ሙሉ በቀስታ ቀቅይልኝ ብሎኝ ሄደ።

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። በማግስቱ የረመዳን ቀትር ነው፣ ጉሮሮዬ ደርቋል፣ ሐሳቤ ሰምሳሩ ጋ ነው። እጅ ግን የለመደውን ያደርጋል። የእኛ አገር ሴት እሳት ላይ ስብ ጥዳ አጥሪ ስትባል እጇ ሌላ አያውቅም። ሞራው ሲቀልጥ ኮረሪማውን ፈልፍዬ፣ አብሹን፣ ጥቁር አዝሙዱን፣ ኮሰረቱን፣ ነጭ ሽንኩርቱን አንድ ሳላስቀር ጨመርኩበት። ልክ ለዶሮ እንደሚሆን ቅቤ በሥርዓቱ አነጠርኩት፣ አጠለልኩት፣ የመኪናዋን ቦኮላ ከተትኩበት። ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ሽታው ግቢውን አልፎ ሲወጣ ነው። የጎረቤቷ ሴት በር አንኳኩታ ዛሬ ምን ልታስፈጥሩን ነው ብላ ጠየቀች። ሐጅ ከቀትር እንቅልፋቸው ተነስተው በመስኮት ብቅ አሉ። ታደለ በሩ ላይ ሲደርስ ቆመና አፍንጫውን አነሳ። ሁዳዴ ከገባ ቅቤ በዓይኑ አላየም። ወደ ድስቱ ጎንበስ ብሎ አይቶ፣ "ዘሐራ፣ አላህሽ ይይልሽ፣ በጾሜ መኪናውን ልታስጎመጂኝ ነው?" አለኝ። ሐጅ ምን እንደሆነ ስነግራቸው ሳቁ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ እንዲያ ሲስቁ መጀመሪያ የሰማኋቸው ያኔ ነው። ጥርሳቸው እስኪታይ፣ ዓይናቸውን በጀላቢያቸው እጅጌ እስኪጠርጉ። ስቡን እንደገና አቅልጬ ልጀምር ስል ታደለ ከለከለኝ፤ ቅመሙ ተጠልሏል፣ እንጨቱ ስቡን ጠጥቷል፣ ሽታ ደግሞ መኪና አይገለብጥም አለ።

የዚያን ረመዳን አፍጥር ዛሬም አስበዋለሁ። በቡሪ ወንዶቹ ጀምበር ልትጠልቅ፣ መግሪብ ሲቃረብ ምንጣፋቸውን መንገድ ላይ ያነጥፋሉ፤ ከየቤቱ ትሪ ይወጣል፣ መንገደኛ ይቆማል፣ ማንም ሳይበላ አያልፍም። ታደለ ጾሙን በዘጠኝ ሰዓት መፍታት ይችል ነበር። እሱ ግን ሐጅ እየጾሙ እሳቸው ግቢ ውስጥ እህል አልቀምስም ብሎ መግሪብን አብሮ ይጠብቃል። ሐጅ ደግሞ ለእንግዳቸው ሥጋ የሌለበት እንዲቀርብ ያዙኛል። እናም ከሐጅ ቤት የሚወጣው ትሪ በአንድ በኩል ዐሲዳ የሚሉት ገንፎና ሙላሕ የሚሉት የሥጋ ወጥ፣ በሌላ በኩል ሽሮ ነበረው። ታደለ ማተቡን ሳይደብቅ ከጀላቢያዎቹ መካከል ቁጭ ይላል፤ ማንም ምንም አላለውም። ሰንብተው ጎረቤቶቹ ያን ቡኒውን ነገር መቅመስ ጀመሩ፤ ከዚያ ለታደለ የሚሆን እስኪጠፋ ድረስ ለመዱትና ሽሮውን ጨምሬ መሥራት ጀመርኩ። ሰው እንዲህ ነበር። ዛሬም እንዲህ ነው፤ ባለፈው ሳምንት የተቃጠለ ግንብ ሥር ምንጣፍ ተነጥፎ አየሁና ለብቻዬ አለቀስኩ።

ቦኮላው የተገጠመ ቀን መሪውን የማወዛውዘው እኔ አልነበርኩም። ሐጅ ራሳቸው ሊፈትሹት ፈለጉ። ገብተው ተቀመጡ፣ ታደለ ሥር ገባ፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ሁሉም መገጣጠሚያ ወዲያው ይታዘዛል። ከዚያ ታደለ ከሥር ሆኖ፣ "ሐጅ፣ አሁን አያንቀሳቅሱት፤ ዝም ብለው ይያዙት" አለ።

"ዝም ብዬ ነው የያዝኩት" አሉ ሐጅ።

እኔ ያኔ እጆቻቸውን አየሁ። እነዚያ የመርከብ ሞተር የፈቱ ረዣዥም ጣቶች መሪው ላይ ይርገበገባሉ፤ ታደለም ከሥር ዘንጉን ጨብጦ ያንኑ ነበር የሚሰማው። ዕቃው ሁሉ ጥብቅ ብሎ ሲያበቃ መንቀጥቀጡ ከላይ ነበር የሚወርደው። መሪው ልል በነበረበት ዘመን የሳቸውንም እጅ መንቀጥቀጥ ሸፍኖላቸው ነበር ማለት ነው። ታደለ ወጣ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ መሬት መሬት እያየ "የመኪናዋ አልቋል" አለ። ሐጅ መሐንዲስ ናቸው፤ ያልተባለውንም ሰሙት። እጆቻቸውን ከመሪው አንስተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና ለረዥም ጊዜ አዩዋቸው። ከዚያ ወደ እኛ ሳይዞሩ ምርመራው እስኪያልፍ ይህ ነገር ከግቢው እንዳይወጣ ለመኑን። ትልቅ ሰው ሲለምን ያስፈራል። እኔ ከነገሩ ጦም እደሩ ብዬ እሺ አልኩ፤ እሺ ያልኩት ግን ልቤ ተረጋግቶ አልነበረም።

ለምርመራው የነዳት ታደለ ነው፣ ሐጅ ከጎኑ። ሲመለሱ ታደለ እየሳቀ ነገረኝ። መርማሪው መሪውን በጣቱ ነካ ሲያደርገው ጎማው ወዲያው ይታዘዛል። ደግሞ ሞከረ፣ ሥር አጎነበሰ፣ ነቅ አጣ። ከዚያ ሞተሩ በሞቀበት ክዳኑን ሲከፍት የሐይቅ ቅመም ፊቱ ላይ ወጣበት። ጾመኛ ነው ምስኪን። ጭንቅላቱን አስገብቶ አሸተተና መኪናዋ በቤንዚን ነው ወይስ በሰምን ነው የምትሄደው ብሎ ጠየቀ። ሰምን ቅቤ ነው። ሐጅም በሁለቱም ብለው መለሱለት። ሳቀና ወረቀቱ ላይ ማኅተም መታ።

ሱሃይር ያን ዕለት ልታፈጥር እንደምትመጣ ልካ ነበር። የከሰዓቱን ሰላት፣ ዐሱርን እንደሰገዱ ሐጅ ጥምጥማቸውን ጠበቅ አድርገው ወጡና፣ "ያ ቢቲ፣ ግቢ" አሉኝ። ሥራ አለብኝ፣ ዐሲዳው አልደረሰም አልኩ። "ይድረስ አይድረስ፣ ግቢ። የሠራሽው መሪ ነው፤ እይው።" ብርቱካንማ ቶቤን ደርቤ በግራዋ ወንበር ተቀመጥኩ። ቤት ሠራተኛ ከኋላ ነው የምትቀመጠው፤ ይህቺ መኪና ደግሞ ኋላ የላትም። በዓባይ ዳር ጎዳና ወጣን። ወንዙ በቀኛችን፣ ትልልቆቹ ዛፎች ግራና ቀኝ፣ ነፋሱ ቶቤን ሊነጥቀኝ ይታገላል፣ ከእግሬ ሥር ኮረሪማ ይሸታል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰው መሆኔ ተሰምቶኝ አያውቅም። መኪናዋ እንደ ክር ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ ከሙግረን ስንመለስ አንድ ቦታ ላይ ግን ቀስ ብላ ወደ ዛፎቹ ታጋድል ጀመር። መኪናዋ አልነበረችም። ሐጅ ያዩታል፣ ይታገሉታል፣ እጃቸው አይታዘዝም። እኔም ሳላስበው እጄን ዘርግቼ መሪውን ያዝኩት፤ ያን ሁሉ ከሰዓት ያወዛወዝኩት መሪ ነው፣ የት እንደሚይዝ አውቀዋለሁ። ወደ መንገዱ መለስኳት። ተቆጥተው እጄን ያነሱታል ብዬ ጠበቅሁ። አላነሱትም። በሦስት እጅ አንድ መሪ ይዘን ቡሪ ደረስን።

ሱሃይር ድስቷን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ከሩቅ ስታየን ምናልባት ደስ ብሏት ነበር፤ ቀርበን ስንቆም ግን ዓይኗ እጄ ላይ ወደቀ። እጄን ልሰበስብ ስል ሐጅ በእጃቸው ከላዩ ያዙት። እኔ እንዲህ አስቤ ነበር፤ አሁን ይዋሻሉ፣ ሱሃይርም ወረቀቱን አይታ ዝም ትላለች፣ ቤቱ ይተርፋል፣ ከዚያ አንድ ዓርብ ከዛፍ ጋር ይገናኛሉ። ሐጅ ግን ሞተሩን አጠፉና ልጃቸውን ቀና ብለው አዩዋት።

"ዲሪክሶኑ ተሠርቷል ያ ሱሃይር። አሁን የቀረው የኔ እጅ ነው፤ እሱ ደግሞ መለዋወጫ የለውም።"

ሱሃይር ድስቱን መሬት ላይ አስቀመጠች። ከዚያ በዓይኗ ወደ እኔ ጠቁማ፣ "እሷ መንዳት ታውቃለች?" አለች።

"መሪ መያዝ ታውቃለች" አሉ ሐጅ። "የቀረውን እኔ አስተምራታለሁ።" ቁልፉንም ነቅለው መዳፌ ላይ አኖሩት።

አስተማሩኝም። ከኢድ በኋላ በየጠዋቱ ከቡሪ ወዲያ ባለው ገላጣ ሜዳ፣ እሳቸው በግራ እኔ በቀኝ። የመርከብ ሰው ስለሆኑ መኪና የሚያስተምሩት እንደ መርከብ ነበር፤ ከመታጠፍሽ በፊት አስቢ፣ መንገዱ ቶሎ አይመልስሽም ይሉኝ ነበር። ፈቃድ ለማውጣት ስሄድ አብረውኝ ተሰልፈው ቆሙ። ሐበሻዋ የሐጅን መኪና ስትነዳ ቡሪ አንድ ሰሞን ጉድ አለ፣ ከዚያ ለመደው። ከዚያ ወዲህ ሐጅ እጆቻቸውን አንድም ቀን ደብቀው አያውቁም፤ በየዓርቡ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠዋቸው፣ እየተንቀጠቀጡ፣ ወንዙን እያዩ ይሄዳሉ። ሰምሳሩ ሁለተኛ አልመጣም። ነሐሱ ኋላ መብራት ሲመጣ ተሠራ፤ ሐጅ ግን ወይራው እስኪያልቅ አይነካም አሉ፣ እናም በሳቸው ዘመን አላለቀም። እኔም በዚያ ፈቃድ ነው ኋላ አምጃድ የሚሏትን ትንሽ ታክሲ ነድቼ በየሰው ቤት የሚሠሩትን የካፉሪን ሐበሻ ልጆች በየዓርቡ ሳጃና ያደረስኩት፣ ቤቴን ያቆምኩት፣ ልጆቼን ያሳደግሁት። መኪናዋ በዚህ በተኩሱ ጊዜ ከሱሃይር ግቢ ጠፋች፤ ማን እንደወሰዳት አላህ ይወቀው። ታደለ ሳጃና ነው፣ አርጅቷል፣ ዘንድሮም ሁዳዴን ይዟል። አልሐምዱሊላህ፣ እኔ ያጣሁት ከተሰጠኝ አይበልጥም።

ሐጅ በሽር የሞቱት በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ አልጋቸው ላይ ነው። ለቅሶው ላይ የሴቶቹ ምንጣፍ ግቢው ውስጥ ኒሙ ሥር ተነጥፎ ነበር። በእነሱ ልማድ የሟች ቤተሰብ የሚቀመጥበት የምንጣፉ ራስ የታወቀ ነው፤ የሚመጣው ሰው ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ደርሶ እጁን ለሟች ጸሎት፣ ለፋቲሓ ያነሳል። እኔ ትሪ ይዤ፣ ውሃ ይዤ ከማዕድ ቤት ወዲያ ወዲህ እላለሁ። ሱሃይር ተነስታ መጣችና ትሪውን ከእጄ ወስዳ ለሌላ ሰው ሰጠች። "ያ ዘሐራ፣ የአባትሽ ለቅሶ ነው፤ ሰው ሊያስተዛዝንሽ መጥቶ አንቺ ውሃ ታቀርቢያለሽ?" አለችኝ። እጄን ይዛ ምንጣፉ ራስ ላይ ከጎኗ አስቀመጠችኝ። ያን ቀን የመጡት የቡሪ ሴቶች ሁሉ መጀመሪያ በእሷ ፊት፣ ቀጥለው በእኔ ፊት እጃቸውን ለፋቲሓ አነሱ።